ቱምን ያልሠለጠነ እጅ አይሠራውም

ነጭ ሽንኩርት፣ ጨው፣ ሎሚ፣ ዘይት። በቃ፣ ሌላ የሚጨመር ነገር የለም። እንቁላል የለውም፣ ወተት የለውም፣ ዱቄት የለውም። እነዚህ አራቱ በሚያውቅ እጅ ሲያልፉ ግን እንደ ኬክ ክሬም የነጣ፣ ማንኪያ ቀጥ አድርጎ የሚያቆም ነገር ይወጣል። ከተጠበሰ ዶሮ ጋር ሲቀርብ ሰው ዶሮውን ረስቶ እሱን በዳቦ እየጠረገ ይጨርሰዋል። ሊባኖሶች ቱም ይሉታል። ስሙ ሌላ ምስጢር የለውም፤ በዐረብኛ ነጭ ሽንኩርት ማለት ነው።

አዲስ አበባ ውስጥ "የሊባኖስ ሻዋርማ" የሚል ታፔላ የሰቀለ ቤት ግቡና ከዶሮው ጎን በትንሽዬ ፕላስቲክ የሚመጣላችሁን ነጭ ነገር ቅመሱት። ብዙ ጊዜ ማዮኔዝ ነው። ነጭ ሽንኩርት ገብቶበታል፣ ምናልባት ትንሽ ሎሚም ተጨምቆበታል፣ ግን ማዮኔዝ ነው። ባለቤቱን ለምን ብትሉት "ዋናው ቱም ለመሥራት ያስቸግራል፣ ሠራተኛ አይችለውም" ሊላችሁ ይችላል። ማስቸገሩ እውነት ነው። ሁለተኛው ግን እዚያው ጓዳ ውስጥ መጣራት አለበት። ምክንያቱም ከኋላ ቆማ ሳህን የምታጥበው ሴት ስድስት ዓመት ቤሩት ኖራ የመጣች ልትሆን ትችላለች። ስድስት ዓመት በየሳምንቱ፣ አንዳንዴም በየቀኑ፣ ቱም ስትመታ የኖረች። ማንም አልጠየቃትም። እሷም አልተናገረችም። በወረቀት ላይ የተጻፈላት "ያልሠለጠነ የሰው ኃይል" የሚል ነው።

የዚህ ጽሑፍ ጠብ ከዚያ ቃል ጋር ነው። "ያልሠለጠነ" የሚለው ቃል ትክክል መሆን አለመሆኑን ለመፍረድ ደግሞ ሥራውን ማየት ያስፈልጋል። ስለዚህ መጀመሪያ ወደ ወጥ ቤት።

ዘይትና ውሃ አይዋደዱም። ይህን ለማወቅ ቤተ ሙከራ አያስፈልግም፤ ወጥ የሠራ ሁሉ ያውቀዋል። እንዲያውም እኛ አገር ቁሌቱ ደረሰ የሚባለው ዘይቱን ሲተፋ ነው። በቱም ነገሩ ግልብጥ ነው። ቱም ዘይቱን ከተፋ ሞቷል። ሙያው ሁሉ ያለው ዘይቱን በዓይን የማይታዩ ጠብታዎች አድርጎ በታትኖ፣ ከሎሚውና ከነጭ ሽንኩርቱ ፈሳሽ ጋር አስታርቆ፣ እንደገና እንዳይገናኝ በመያዝ ላይ ነው።

ማዮኔዝም ሥራው ይኸው ነው። ልዩነቱ ማዮኔዝ አስታራቂ ሽማግሌ አለው፤ የእንቁላል አስኳል። አስኳል ውስጥ ሌሲቲን የሚባል ዘይትንም ውሃንም የሚይዝ ነገር በብዛት አለ። አንድ አስኳል አንድ ኩባያ ዘይት ያለ ብዙ ጭንቀት ይሸከማል። ቱም ውስጥ ያ ሽማግሌ የለም። ያለው ነጭ ሽንኩርቱ ራሱ በውስጡ የያዘው ደካማ የመያዝ አቅም ብቻ ነው። ያቺን ትንሽ አቅም ለማውጣት ነጭ ሽንኩርቱ ፍርክስክስ ብሎ ምንም ቅንጣት እስከማይቀርበት መድቀቅ አለበት። ዘይቱ ደግሞ በትዕግሥት መግባት አለበት። አንዱ ከጎደለ ሳህኑ ላይ የሚቀረው ዘይት የተንሳፈፈበት የነጭ ሽንኩርት ውሃ ነው።

ስፔን ውስጥ ካታላኖች አሊዮሊ የሚሉት ወንድም አለው፤ ስሙ በቋንቋቸው "ነጭ ሽንኩርትና ዘይት" ማለት ነው። የጥንቱ አሊዮሊም ያለ እንቁላል በሙቀጫ የሚሠራ ነበር። ፈረንሳይ ፕሮቫንስ ደርሶ አስኳል ገባበት፣ ቀለለ። አብዛኛው የዓለም ምግብ ቤት የሄደበት መንገድ ያ ነው። ሊባኖስም ውስጥ ቢሆን ለገበያ የሚሠሩ ብዙ ቤቶች የእንቁላል ነጭ፣ የተቀቀለ ድንች ወይም የበቆሎ ስታርች ይጨምሩበታል። ይረክሳል፣ ይበዛል፣ አይበላሽባቸውም። ቤት ውስጥ በአራቱ ብቻ የሚሠራው ግን አሁንም አለ፤ አክባሪ የሆነ የሊባኖስ ቤት የሚኮራበትም እሱ ነው።

አሁን አሠራሩ። ይህን ያነበበ ሁሉ ዛሬውኑ ቢሞክረው ጥሩ ነው፤ ከሚያሳምን ንግግር ይልቅ አንድ የተበላሸ ቱም ስለ ሙያ ብዙ ያስተምራል።

130 ግራም ገደማ የተላጠ ነጭ ሽንኩርት ያስፈልጋል፤ በመለኪያ ኩባያ አንድ ሙሉ ይሆናል። የሀበሻው ነጭ ሽንኩርት ፍሬው ትንንሽ ስለሆነ ልጣጩ ትዕግሥት ይጨርሳል፤ ግን ጠንካራ መዓዛ ያለው እሱ ነው። እያንዳንዱ ፍሬ ለሁለት ይሰነጠቅና መሃሉ ላይ አረንጓዴ ቡቃያ ካለ ይወጣል። ብዙ ሰው ይህችን ይዘላታል። መራራዋ ግን እሷ ነች። ወጥ ውስጥ እሳት ያበርዳታል፣ ቱም ግን እሳት አያይም፤ ጥሬውን የሚበላ ስለሆነ የተረሳች ቡቃያ ሁሉ ምላስ ላይ ትመሰክራለች።

ነጭ ሽንኩርቱ ከአንድ የሻይ ማንኪያ ሞላ ካለ ጨው ጋር መፍጫ ውስጥ ይገባል። ይፈጫል፣ ይቆማል፣ ከጎን የተለጠፈው በማንኪያ ወደ መሃል ይመለሳል፣ እንደገና ይፈጫል። ይህ ሦስትና አራት ጊዜ ይደጋገማል። መፍጫ ከመምጣቱ በፊት ሥራው የሙቀጫ ነበር፤ ጨው የሚገባውም ለጣዕም ብቻ ሳይሆን እንደ አሸዋ ሆኖ እንዲያደቅ ነው። ሲልም ከ60 ሚሊ ሊትር የሎሚ ጭማቂ ላይ አንድ የሾርባ ማንኪያ ይጨመርበታል፣ ይመታል፣ ሌላ ማንኪያ ይደገማል። ሎሚው ቀድሞ መግባቱ ምክንያት አለው። ነጭ ሽንኩርት ሲደቅ የሚያቃጥለው አሊሲን የሚባለው ነገር ይፈጠራል፤ ያንን የሚፈጥረውን ኤንዛይም አሲድ ያደክመዋል። ሎሚውን ለመጨረሻ ያስቀመጠ ሰው ዓይን የሚያስለቅስ ቱም ይበላል።

ከዚያ ዘይቱ። 700 ሚሊ ሊትር። አዎ፣ ብዙ ነው። በዛሬው የዘይት ዋጋ ያስደነግጣል፤ መጠኑን ሁሉ ለሁለት ከፍሎ መሥራት ይቻላል፣ ከዚያ ካነሰ ግን ብዙ መፍጫዎች ላይ ምላጩ አይደርስበትም፣ ባዶውን ይዞራል። የሱፍ ዘይት ጥሩ ነው፤ ጣዕሙ ጭምት ነው፣ ነጭ ሽንኩርቱን አይጋፋም። የኑግ ዘይት ለሌላ ሥራ ይቀመጥ፤ መዓዛው ጌታ ነው፣ ሌላ አያናግርም። የሚረጋው የፓልም ዘይት አይሆንም፤ ማቀዝቀዣ ሲገባ ይረጋና ሁሉን ያበላሻል። የሊባኖስ ምግብ ስለሆነ የወይራ ዘይት ይሻለዋል ብሎ የሚያስብም አለ። ጥሬው የወይራ ዘይት በመፍጫ ፍጥነት ሲመታ ይመርራል። የወይራ አገር የሆኑት ሊባኖሶች ራሳቸው ብዙዎቹ ለቱም ጣዕም የለሽ ዘይት የሚመርጡት በከንቱ አይደለም።

ዘይቱ እንዴት ይገባል? ከጀበና ቡና የሚቀዳ ሰው ታውቃላችሁ፤ ቀጭን፣ ሳይቋረጥ፣ አተላው ሳይናወጥ። እንደዚያ ነው። መፍጫው እየዞረ፣ ዘይቱ እንደ ክር እየወረደ። መጀመሪያ ላይ ከክርም ያነሰ፣ ጠብታ ቢሆን ይመረጣል። ግማሽ ኩባያ ገደማ ከገባ በኋላ ከቀረው ሎሚ አንድ ማንኪያ፤ እንደገና ዘይት፤ እንደገና ሎሚ። ሎሚው ሲያልቅ በረዶ የቀዘቀዘ ውሃ ይተካዋል፣ እሱም 60 ሚሊ ሊትር ገደማ። ዘይቱ ብቻውን በተከታታይ ከገባ የሚበተንበት ውሃ ያጣና ይጋጠማል፤ ሎሚውና ውሃው በየመሃሉ የሚገቡት ቦታ ለመስጠት ነው።

እዚህ ጋ አእምሮ የማይቀበለው ነገር ይከሰታል። ዘይት ፈሳሽ ነው፤ ብዙ ሲጨመርበት ሊቀጥን ይገባ ነበር። ቱም ግን ዘይት በተጨመረ ቁጥር ይወፍራል። መጨረሻ ላይ ከአራቱ እጅ ሦስቱ ዘይት ሆኖ ሳለ ሳህኑ ቢገለበጥ አይፈስም። ምክንያቱ ጠብታዎቹ ነው፤ በብዛት ከመጠጋጋታቸው የተነሳ መንቀሳቀሻ ያጣሉ። በዓል ዋዜማ መርካቶ ውስጥ የገባ ሰው ይገባዋል።

የሚበላሸውም እዚሁ ላይ ነው። አንድ ሰከንድ ዘይቱ ወፈር ብሎ ከወረደ፣ አለቀ። መፍጫው ብዙ ዞሮ ሳህኑ ከሞቀ፣ አለቀ። ጆሮ ያለው ሰው ከመበላሸቱ በፊት ይሰማዋል፤ በደንብ እየያዘ ያለ ቱም የመፍጫውን ድምፅ ያወፍረዋል፣ ሊለያይ ሲል ድምፁ ይቀጥናል፣ ፊቱም ማንፀባረቅ ይጀምራል። እጅ ያለው ሰው ሳህኑን በመዳፉ ነክቶ "ሞቋል፣ አቁሚ" ይላል። ይህን የትኛውም የምግብ አሠራር ጽሑፍ በግራም አይለካውም። (መብራት መሃል ላይ ቢጠፋስ? እሱ የራሳችን ምዕራፍ ነው፤ ጥሩ ዜናው፣ የያዘ ቱም ቆሞ ይጠብቃል፤ መብራቱ ሲመጣ ከቆመበት ይቀጥላል።)

ተለያይቶ ከተገኘ አይደፋ። ወደ ማንቆርቆሪያ ይገለበጥ፣ መፍጫው ይታጠብ፣ ጥቂት አዲስ ፍሬዎች በጨውና በአንድ ማንኪያ ቀዝቃዛ ሎሚ እንደገና ይላሙ፣ ከዚያ የተበላሸው ራሱ እንደ ዘይት በቀጭኑ ይውረድባቸው። ብዙ ጊዜ ይመለሳል። ብዙዎች በዚህ ሰዓት የእንቁላል ነጭ ጨምረው ይገላገላሉ። ይሠራል፤ ግን ጥሬ እንቁላል የራሱን የሳልሞኔላ አደጋ ይዞ ይመጣል፣ የጾም መብልነቱም ያከትማል። ጾምን ካነሳን አይቀር፣ በዓመት ከግማሽ በላይ በሚጾምበት አገር ክሬም የሚመስል፣ ወተትም እንቁላልም የሌለበት ነገር ማዮኔዝ እየተባለ መታለፉ ይገርማል። ሐሙስ የተሠራ ቱም ዓርብ ከተጠበሰ ድንች ጋር ምን እንደሚሆን ለሞከረ ብቻ ነው የሚገባው። አንድ ሌሊት ማደሩም ይጠቅመዋል፤ ቁጣው ይበርዳል።

አንድ ማስጠንቀቂያ በቁም ነገር ይያዝ። ነጭ ሽንኩርት በዘይት ውስጥ ተደርጎ ውጭ ከዋለ ቦቱሊዝም የሚያመጣው ባክቴሪያ ሊያድግበት ይችላል፤ ሰው የሚገድል መርዝ ነው፣ በሽታም ሆነ ቀለም አያሳይም። ሎሚው ያግዛል፣ ግን መተማመኛ አይሆንም። ቱም ማቀዝቀዣ ውስጥ ይኑር፣ በሳምንት ውስጥም ይለቅ። ከአሲዱ የተነሳ አንዳንዴ ሰማያዊ ወይም አረንጓዴ ጥላ ቢያሳይ ግን ያ ከነጭ ሽንኩርቱ ተፈጥሮ ነው፤ ጉዳት የለውም።

እንግዲህ ሥራው ይህን ይመስላል። ሙቀትን በመዳፍ መለካት፣ ውፍረትን በጆሮ መስማት፣ ፍጥነትን በእጅ አንጓ መቆጣጠር፣ የተበላሸውን ማዳን። አንድ የምግብ ትምህርት ቤት ተማሪ ይህን በሁለት ሳምንት ቢችል መምህሩ ያጨበጭብለታል።

ቤሩት ውስጥ በሺዎች በሚቆጠሩ ቤቶች ይህን የሚሠራው እጅ የማን ነበር? ቢያንስ በከፊል የኢትዮጵያውያን ሴቶች ነው። ለእነሱ ማንም አላጨበጨበም። የሊባኖስ ቤተሰብ እሑድ ምሳ ሲሰበሰብ፣ ዶሮው ከሰል ላይ ሲዞር፣ እንግዳ ቱሙን ቀምሶ "እጅሽ ይባረክ" የሚለው ለማዳም ነው። ማዳም ፈገግ ትላለች። ወጥ ቤት ቆማ ገና ጣቷን ነጭ ሽንኩርት እያቃጠላት ያለችው ልጅ በአገሩ አነጋገር ብዙ ጊዜ ስምም የላትም። ሊባኖስ ውስጥ የቤት ሠራተኛ በጅምላ "ሲርላንኪዬ"፣ ስሪላንካዊት፣ ትባል ነበር፤ ከየትም ትምጣ ከየት። "የእኛ ሲርላንኪዬ ኢትዮጵያዊት ናት" የሚል ዓረፍተ ነገር እዚያ አገር ማንንም አያስቅም።

ሕጉም ከአነጋገሩ አይሻልም። እ.ኤ.አ. በ1946 የወጣው የሊባኖስ የሥራ ሕግ በአንቀጽ 7 የቤት ሠራተኞችን ከሕጉ ውጪ አድርጓቸዋል። ስለዚህ የሥራ ሰዓት የለም፣ ዝቅተኛ ደመወዝ የለም፤ ያለው ከፋላ ነው፤ የመኖሪያ ፈቃዷ በአሠሪዋ እጅ፣ ፓስፖርቷ ብዙ ጊዜ በአሠሪዋ መሳቢያ። ደመወዝ የሚወሰነው በምትችለው ሳይሆን በመጣችበት አገር ነበር፤ ለዓመታት ለኢትዮጵያዊቷ በወር 150 ዶላር ገደማ ሲከፈል ፊሊፒናዊቷ ከእጥፍ በላይ ታገኝ ነበር። ቱሙ ግን አንድ ነው፤ ዜግነት አይጠይቅም።

የሊባኖስ ገንዘብ ሲወድቅ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2020 አሠሪዎች ሴቶቹን በመኪና እያመጡ ቤሩት፣ ሐዝሚዬ ካለው የኢትዮጵያ ቆንስላ በር ላይ ጣሏቸው። ብዙዎቹ ደመወዛቸውን አልተቀበሉም፣ አንዳንዶቹ ፓስፖርት እንኳ አልያዙም። ዓለም ሁሉ ያየው ምስል ነው፤ አስፋልት ላይ ሻንጣ፣ ፍራሽ፣ የተቀመጡ ሴቶች። በዚያው ዓመት በነሐሴ የወደቡ ፍንዳታ ተከተለ። በመስከረም የሊባኖስ የሥራ ሚኒስቴር የቤት ሠራተኞችን መብት ትንሽ የሚያሻሽል አዲስ የውል ቅጽ አወጣ፤ በጥቅምት የአገሪቱ ከፍተኛ የአስተዳደር ፍርድ ቤት አገደው። ነገሩ እንዲህ ነው ያለቀው።

የሚመለሱት ወደዚህ ነው፤ የእኛ ጥፋት የሚጀምረውም እዚህ ላይ ነው። የሊባኖስን ማዳም መውቀስ ቀላል ነው፣ ሩቅ ናት።

አዋጅ ቁጥር 923/2008 ለሥራ ወደ ውጭ የምትሄድ ሴት ስምንተኛ ክፍል ያጠናቀቀች እንድትሆንና የብቃት ማረጋገጫ እንድትይዝ አዘዘ። ሐሳቡ ክፉ አልነበረም። ስትሄድ ትመዘናለች፤ ማጠቢያ ማሽን፣ ካውያ፣ የወጥ ቤት ዕቃ። ከዓመታት በኋላ ስትመለስ ግን ያመጣችውን ለመመዘን የሚቸኩል የለም። ብዙ ጊዜ የሚቀርብላት እንደ ምንም ከማታውቅ ሰው የሚጀምር የአጭር ጊዜ ሥልጠና ነው። ስድስት ዓመት የሊባኖስን ወጥ ቤት ብቻዋን ያስተዳደረች ሴት፣ ኪቤ የምትጠቀልል፣ ታቡሌ የምትከትፍ፣ ሐሙስ የምታላም፣ ቱም የምትመታ፣ ለሃያ እንግዳ ገበታ የምትዘረጋ፣ ቁጭ ብላ ሽንኩርት አከታተፍ ትማራለች። ሰርተፍኬት ይሰጣታል። ሰርተፍኬቱ የማታውቀውን ያውቃታል ይላል፣ የምታውቀውን አያውቅላትም።

የሚገርመው፣ ቋንቋችን ራሱ ከዚህ የተሻለ ያውቅ ነበር። አማርኛ ጥሩ ምግብ የምትሠራን ሴት ምን ይላታል? ባለሙያ። ሌላ ቃል የለውም። "ሙያዋ ጥሩ ነው" ሲባል ስለ ወጧ ነው የሚወራው። ዶሮን አሥራ ሁለት ብልት አድርጎ የሚያወጣ እጅ ሠርግ ቤት ውስጥ ይከበራል፣ ይለመናል፣ ቅድሚያ ይሰጠዋል። ያው እጅ ቅጥር ሲጠይቅ ግን በአንድ ጊዜ "ያልሠለጠነ" ይሆናል። ሙያ በልብ ነው የሚለው ተረትም ለዚህ ጠቅሟል፤ ሴቶች ዝም እንዲሉ፣ አሠሪ እንዳይከፍል።

አንድ ከባድ ተቃውሞ አለ፣ መሸሽ አይገባም። "በግፍ የተማሩትን ሙያ እያነሱ ማወደስ ግፉን ማስዋብ አይሆንም ወይ? በእስር ቤት ልብስ መስፋት የተማረን ሰው እስር ቤቱ ጠቀመህ ሊባል ነው?" የሚል። ከተመላሾቹ መካከል የነጭ ሽንኩርት ሽታ ራሱ ያንን ቤት፣ ያንን በረንዳ የሚያስታውሳቸውና ዳግም ላያዩት የማሉ ቢኖሩ አያስደንቅም። ማንም ሊያስገድዳቸው አይገባም። ሙያውን መቁጠር ግን ማዳምን ማመስገን አይደለም። ማዳም አላስተማረችም፤ አዘዘች። የተማረችው ልጅቷ ናት፤ በማታውቀው ቋንቋ፣ ያለ መጽሐፍ፣ ሲበላሽ እየተሰደበች። በዚያ ቤት ውስጥ በላቧ ካፈራችው ሁሉ ሊነጥቋት ያልቻሉት ይህን ብቻ ነው። ደመወዟን አስቀርተውባት ይሆናል፤ እጇን ግን ይዛ መጥታለች። እሱንም እዚህ ከነጠቅናት ከእነሱ በምን እንሻላለን?

ሌላው ተቃውሞ ቀላል ነው። ሁሉም ወጥ ቤት አልገቡም፤ ሕፃን ብቻ የያዙ፣ አሮጊት ብቻ ያስታመሙ፣ ሲያጸዱ ብቻ የኖሩ አሉ። እውነት ነው። ለዚህም ነው ምዘና የሚባል ነገር ያለው። በወሬ ሳይሆን በሥራ ይታይ። የሙያ ብቃት መዛኝ መፍጫ፣ ነጭ ሽንኩርት፣ ጨው፣ ሎሚና ዘይት ጠረጴዛ ላይ ያስቀምጥ። በሩብ ሰዓት ውስጥ መልሱን በዓይኑ ያያል። የጽሑፍ ጥያቄ አያስፈልግም፤ ቱም አይዋሽም።

ወደ ሻዋርማ ቤቱ ባለቤት እንመለስ፤ እሱ ዘንድ ያለው ነገር መንግሥትን አይጠብቅም። ቤሩት ዳውራ እና ቡርጅ ሐሙድ ውስጥ እሑድ ቀን ኢትዮጵያውያን ሴቶች እንጀራና ቡና የሚሸጡባቸው ትንንሽ ቤቶች ለዓመታት ኖረዋል፤ በባዕድ አገር፣ በዚያ ሁሉ ክልከላ ውስጥ፣ የራሳቸውን ሙያ ወደ ገበያ ያወጡ አሉ ማለት ነው። እዚህ፣ በአገራቸው፣ የሊባኖስን ምግብ የሚሸጥ ሰው ጓዳው ውስጥ ማን እንዳለ አለመጠየቁ ሰበብ የለውም። ማዮኔዝ በባልዲ ይገዛል፣ ዋጋው በየወሩ ይጨምራል፣ ደንበኛው ደግሞ ከጎረቤቱ ሻዋርማ ቤት የሚለይበት አንድም ነገር አያገኝም።

ነገ ጠዋት ሥራ ሳይጀመር ሠራተኞቹን ሰብስቦ "ቤሩት የነበረች አለች?" ብሎ ይጠይቅ። እጅ ካወጣች ከሳህን ማጠቢያው ያንሳት፣ መፍጫውን ይስጣት። የመጀመሪያው ቱም ቢለያይባት አይጩህባት፤ የማታውቀው መፍጫ ነው፣ ሁለተኛው ይይዝላታል። ሲይዝላት ደመወዟ ከዚያ ቀን ጀምሮ የወጥ ቤት ባለሙያ ደመወዝ ይሁን፣ የአጣቢ አይሁን። ነጭ ሽንኩርቱን የሚልጥ ሌላ ሰው ይቅጠር።